የኒውክሌር ሮኬት ነዳጅ ለምን ይሄን ያህል አስቸገረ? ከኮምቦልቻ ሆኖስ ምን ይሠራበታል?

ሐረጎ_መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምናስገባበት ጊዜ ደርሷል። አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች የበቆሎ መፈልፈያ፣ የፀሐይ ማድረቂያ፣ የውሃ ፓምፕ ይዘዋል። ጥሩ ርዕሶች ናቸው። የእኔን ልብ የወሰደው ግን በኒውክሌር ሙቀት የሚሠራው ሮኬት ነው።

ያልገባኝ ነገር አለ። ሥዕሉን ሳየው ሞተሩ ከተለመደው ሮኬት የቀለለ ይመስላል። ታንክ፣ ፓምፕ፣ ሪአክተር፣ ኖዝል (የጋዙ መውጫ)፤ አለቀ። አሜሪካኖች በ1955 ጀምረውታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ እጽፋለሁ)። መሬት ላይ ደጋግመው አስነስተውታል። እስከ ዛሬ ግን አንድም ሕዋ ላይ አልሠራም። የማነበው ጽሑፍ ሁሉ ደግሞ መጨረሻው ነዳጁ ላይ ይቆማል። ነዳጁ ተሰነጠቀ፣ ነዳጁ ተበላ ይላል። ዩራኒየም እስከሆነ ድረስ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ነዳጅ ለምን አይሆንም?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ይበልጥ ያሳስበኛል። ዩራኒየም በሌለበት፣ ሪአክተር በሌለበት ከተማ ሆኜ በዚህ ጉዳይ የሚረባ ነገር መሥራት እችላለሁ? ወይስ ርዕሱን ትቼ ወደ ማድረቂያው ልመለስ?

የወሎ_ኮከብ

አብሽር ወንድሜ፣ ቶሎ አትተወው። መጀመሪያ መሠረቱን ላስቀምጥ፣ ለሌላውም አንባቢ ይጠቅማል።

ይህ ሞተር ምንም አያቃጥልም። ፈሳሽ ሃይድሮጂን በጋለ ሪአክተር ውስጥ ያልፋል፣ ይሞቃል፣ በኖዝሉ ይወጣል። በቃ። የሮኬት ብቃት ጋዙ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ነው። ፍጥነቱን የሚወስኑት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የጋዙ ሙቀትና የሞለኪውሉ ቅለት። ሃይድሮጂንን በኦክስጅን የሚያቃጥል ሮኬት የሚተፋው በአብዛኛው የውሃ እንፋሎት ነው፣ የሞለኪውሉ ክብደት 18። የኒውክሌሩ የሚተፋው ሃይድሮጂን ብቻ ነው፣ ክብደቱ 2። በዚህ የተነሳ ስፔስፊክ ኢምፐልሱ፣ ማለት በሰከንድ የሚለካው የሮኬት ብቃት፣ ከ450 ሰከንድ አካባቢ ወደ 850 እና 900 ይወጣል። ወደ እጥፍ ማለት ነው።

አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። የኬሚካሉ ሮኬት ነበልባል ከኒውክሌሩ ጋዝ ይልቅ ይግላል። ብልጫው በሙሉ የመጣው ከቅለቱ ነው። ሙቀቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ ቢቻል ደግሞ ሌላ ትርፍ አለ። ያንን የሚከለክለው ነዳጁ ነው፤ እሱን ለሚያውቁት ልተወው።

ካርባይድ_ደሴ

ጥያቄህ ትክክለኛው ቦታ ላይ አርፏል። የማስተርስ ሥራዬ ከፍተኛ ሙቀት በሚችሉ ቁሶች ላይ ስለነበር ይህን ጉዳይ በጣም እወደዋለሁ። ትንሽ ላስረዝም።

የማመንጫ ነዳጅ በቀጭን የዚርኮኒየም ቅይጥ ቱቦ የታሸገ ዩራኒየም ኦክሳይድ ነው። ዙሪያውን ያለው ውሃ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ነዳጁ እዚያ ዓመታት ይቀመጣል፣ ረጋ ብሎ ይሠራል። የሮኬቱ ነዳጅ ዕድሜው በደቂቃና በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ግን ምን ዓይነት ደቂቃ! ሃይድሮጂኑ ከታንኩ ሲነሳ 20 ኬልቪን ነው፣ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ። ኖዝሉንና የሪአክተሩን ዙሪያ አቀዝቅዞ ወደ ነዳጁ ይገባል። ሲወጣ ወደ 2,500 ኬልቪን ደርሷል። ነዳጁ ርዝመቱ 1.32 ሜትር ብቻ ነው። የማመንጫው ቱቦ እዚያ ሳይደርስ ይቀልጣል።

ኃይሉንም አስበው። ፊበስ 2ኤ የሚባለው ሪአክተር በ1968 ኔቫዳ በረሃ ላይ ከ4,000 ሜጋዋት በላይ ሙቀት ለ12 ደቂቃ ያህል ሰጥቷል። የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች በሙሉ ሲሠሩ 5,150 ሜጋዋት ናቸው። አንዱ ሙቀት፣ ሌላው ኤሌክትሪክ ስለሆነ እኩል አይነጻጸሩም። ቢሆንም ያ ሁሉ ኃይል የወጣው ቁመቱ ከሰው ከማይበልጥ እምብርት (ነዳጁ ካለበት የሪአክተሩ መሃል) ነው።

አሁን ወደ ዘንጉ እንምጣ። ሮቨርና ኔርቫ የተባሉት የአሜሪካኖቹ የኒውክሌር ሮኬት ፕሮጀክቶች ነዳጅ ባለስድስት ጎን የግራፋይት (የካርቦን ዓይነት ነው) ዘንግ ነው። ከጎን እስከ ጎን 19 ሚሊሜትር። 19 ቀዳዳዎች ከላይ እስከ ታች ይሻገሩታል፣ እያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት አላቸው። ሃይድሮጂኑ የሚሮጠው በእነሱ ነው። ዩራኒየሙ በጥቃቅን ፍሬ መልክ ግራፋይቱ ውስጥ ተበትኗል።

ፍሬዎቹ ራሳቸው አስቸግረው ነበር። የተሠሩት ከዩራኒየም ካርባይድ ነው፤ ካርባይድ ማለት ብረት ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ ነው። ይህ ደግሞ የአየር እርጥበት ካገኘ ይበላሻል፣ ያብጣል። መጋዘን የተቀመጠ ዘንግ ሳይነካ ቅርጹን ይለውጣል። መፍትሔው እያንዳንዱን ፍሬ በካርቦን መሸፈን ሆነ።

ግራፋይት የተመረጠው ሲግል ጥንካሬው ስለሚጨምር ነው፤ የሪአክተሩን ሥራ የሚያስቀጥለውን ቅንጣት፣ ኒውትሮንንም፣ ብዙ አይበላም። ጠላቱ ሃይድሮጂን ነው። የጋለ ሃይድሮጂን ካርቦን ካገኘ ሚቴንና ሌላ ጋዝ አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ካርቦኑ ሲበላ ዩራኒየሙም አብሮ ይወጣል። ያኔ የሪአክተሩ የኒውትሮን ሚዛን ይናጋል፣ ኃይሉን የሚቆጣጠሩት በሪአክተሩ ዙሪያ ያሉ ከበሮዎች እየዞሩ ማካካስ አለባቸው። ስለዚህ የቀዳዳዎቹን ግድግዳ በኒዮቢየም ካርባይድ ሸፈኑት። የዚህ ሮኬት ዕጣ የተንጠለጠለው በዚያ ቀጭን ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ከያዘ ሞተሩ አንድ ሰዓት ይሠራል። ኤንአርኤክስ ኤ6 የተባለው ሪአክተር በ1967 መጨረሻ በ1,100 ሜጋዋት ገደማ 60 ደቂቃ ሠርቷል። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ግን ሃይድሮጂኑ ከሥር ገብቶ ይቦረቡረዋል።

ሐረጎ_መንገድ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በጣም መበላት ያለበት የሚግለው ጫፍ አይደለም? ያየሁት ሥዕል ትልቁን ጉዳት የሚያሳየው ከዘንጉ መሃል አካባቢ ነው።

ካርባይድ_ደሴ

በደንብ አይተሃል። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን አይተህ ታውቃለህ። ጭቃውና ሲሚንቶው በፀሐይና በዝናብ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ጭቃውን ከውስጥ ያጥበዋል። ከውጭ ልስኑ ደህና መስሎ ይታያል። ኒዮቢየም ካርባይድና ግራፋይትም እንደዚያ ናቸው። ሽፋኑ የሚጣበቀው በከፍተኛ ሙቀት ነው። ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ ከግራፋይቱ የበለጠ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ይሰነጠቃል። ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ ስንጥቅ አለው ማለት ነው።

ሞተሩ ሲነሳ የሚግለው ጫፍ ሽፋኑ ወደተሠራበት ሙቀት ይጠጋል። ሽፋኑ መልሶ ይለጠጣል፣ ስንጥቆቹ ይገጥማሉ። ቀዝቃዛው መግቢያ በኩል ደግሞ ስንጥቁ ክፍት ቢሆንም ሃይድሮጂኑ ካርቦንን ለመብላት በቂ ሙቀት የለውም። መሃሉ ሁለቱም ክፉ ነገር ይገጥመዋል። ስንጥቁን ለመዝጋት ግለቱ አይበቃውም፣ ለመበላት ግን በቂ ግለት አለው።

ለዚህ ነው ሥራው ሁሉ የሁለቱን መስፋፋት ወደማቀራረብ የሄደው። በ1968 ፒዊ በተባለችው ትንሽ ሪአክተር ዚርኮኒየም ካርባይድ ሽፋን ሞከሩ፣ ከኒዮቢየሙ የተሻለ ያዘ። የጋዙ መውጫ ሙቀትም 2,550 ኬልቪን ደረሰ። በ1972 ኒውክሌር ፈርነስ በተባለው ሙከራ ደግሞ ግራፋይቱን ራሱን ቀየሩት። ካርባይዱ እንደ ድር በግራፋይቱ ውስጥ የተሰራጨ ድብልቅ ሠሩ፣ በ44 ሜጋዋት 109 ደቂቃ አስኬዱት። ንጹህ ካርባይድ ዘንጎችም አብረው ገብተው ነበር። እነሱ ግለቱን ቻሉ፣ ግን ተሰባሪ ስለሆኑ ብዙ ተሰነጠቁ። ከዚያ በጥር 1973 ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ያ ድብልቅ ነዳጅ ሙሉ ሞተር ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አርጎን_ኮምቦልቻ

እኔ ምሁር አይደለሁም፣ ስቴንለስ በያጅ ነኝ። የፋብሪካ ቧንቧና ታንክ በአርጎን እበይዳለሁ። በእጄ የምይዘው ተንግስተን ነው። ይህን ስታነቡ ለምን ግራፋይት ብላችሁ አትጠይቁም? ተንግስተን ከ3,400 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው፤ ከብረት የሚበልጠው የለም። እኔ ጋ የሚበላሸው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጋዙን ቶሎ ከዘጋሁት፣ ጫፉ ገና ግሎ እያለ አየር ካገኘው ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲብስበት ቢጫ ዱቄት ያወጣል። አየር ካላገኘው ግን ዝም ብሎ ይሠራል። የሮኬቱ ውስጥ ደግሞ አየር የለም።

ሌላም ልጠይቅ። 2.5 ሚሊ ቀዳዳ 1.32 ሜትር ድረስ በምን ትራፓኖ በሱት? እዚህ አገር ያለ ቶርኖ ቤት ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን ቀጥ አድርጎ አያወጣም።

ካርባይድ_ደሴ

አርጎን፣ ይህ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። የተንግስተን ጠላት ኦክስጅን ነው፣ የግራፋይት ጠላት ሃይድሮጂን። የተንግስተን ዱቄት ራሱ የሚመረተው ኦክሳይዱን በሃይድሮጂን ውስጥ በማጋል ነው። ሃይድሮጂን ተንግስተንን አይበላም፣ ያጠራዋል።

አሜሪካኖችም ይህን አስበውታል። በ1960ዎቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክና የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ (ስሙ ከጋዝህ ጋር መገጣጠሙ ነው) ሰርሜት የሚባል ነዳጅ ሠርተዋል፣ የዩራኒየም ኦክሳይድ ፍሬ በተንግስተን ውስጥ። ሁለት ችግር አለው። አንደኛው፣ ኦክሳይዱ በዚያ ግለት ኦክስጅኑን እያጣ ይሄዳል፤ ሲቀዘቅዝ ነጻ ዩራኒየም ይፈጠርና ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ሞተሩ ተነስቶ በጠፋ ቁጥር ይህ ይደጋገማል። ሁለተኛው፣ ተንግስተን ኒውትሮን ይበላል። ድሮ 93 በመቶ የበለጸገ (የሚከፈለው የዩራኒየም ዓይነት የበዛበት) ዩራኒየም ስለሚጠቀሙ ይችሉት ነበር። አሁን የሚታሰበው ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል። በዚያ ዝቅ ባለ ብልጽግና ተንግስተን ከባድ ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ሞሊብዲነም መቀላቀልን ወይም ኒውትሮን የማይወደውን የተንግስተን ዓይነት ለይቶ መጠቀምን ያጠናሉ። መለየቱ ውድ ነው።

ቀዳዳውን በትራፓኖ አልበሱትም። የግራፋይት ዱቄት፣ የዩራኒየም ፍሬና ሙጫ አብረው ይቦካሉ፤ ሊጡ ቀዳዳ በሚያወጣ ሻጋታ በኩል ይገፋል። ዘንጉ ከነቀዳዳዎቹ ይወጣል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይጋገራል፣ ከዚያ ይግላል።

ቧንቧ_ውሃ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት። ደሴ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ልጅ ጎበዝ ይመስላል። የበቆሎ መፈልፈያ ቢሠራ ነገ አንዲት የገጠር እናት ትጠቀምበታለች። ማርስ የሚሄድ ሞተር ለወሎ ምን ያደርግላታል? ተመርቆ ሥራ ሲፈልግስ ይህን ርዕስ ማን ያይለታል?

መምህርት_ፒያሳ

ቧንቧ ውሃ፣ ጭንቀትህ የቤተሰብ ጭንቀት ነው፣ አልነቅፈውም። ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ከወላጆች ሁልጊዜ እሰማለሁ።

እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ። ልጁ የሚማረው ነገር ሮኬት ውስጥ ብቻ አይቀርም። ሽፋን ለምን ይሰነጠቃል፣ ሁለት ቁሶች ሲግሉ እንዴት ይጣላሉ፣ ጋዝ በጠባብ ቱቦ ሲሮጥ ሙቀት እንዴት ይወስዳል፤ ይህ የቦይለር ጥያቄ ነው፣ የሲሚንቶ ምድጃ ጥያቄ ነው፣ የብረት ማቅለጫ ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሌላም አለ። በ2025 ኢትዮጵያ ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጉዳይ ተፈራርማለች። ነገ ያ ማመንጫ ቢመጣ ስለ ነዳጁ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይመጣል? ነዳጅ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚበላሽ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ከአሁኑ መጀመር አለበት። እንደዚህ ካሉ ልጆች።

ቧንቧ_ውሃ

እትዬ፣ የመጨረሻው ነገርዎ አሳስቦኛል፣ እቀበለዋለሁ። መፈልፈያው ግን አሁንም ይሻላል ባይ ነኝ።

ጦሳ_ሥር

እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሮኬቱ ሲነሳ ቢፈነዳ ዩራኒየሙ በሰው ላይ አይዘንብም? ሙከራውስ ጭሱ የት ይሄዳል?

የወሎ_ኮከብ

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ያልተሠራበት ዩራኒየም ጨረሩ ደካማ ነው። አደገኛው ነገር የሚፈጠረው ሪአክተሩ ከሠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ በተለመደው ሮኬት ቀዝቃዛውን ሪአክተር ሕዋ አድርሶ እዚያ ማስነሳት ነው። ባሕር ውስጥ ቢወድቅም በራሱ እንዳይነሳ ሆኖ መሠራት አለበት፣ ውሃ ኒውትሮንን ስለሚያዘገይ ይህ ቀላል አይደለም። በ1965 ኪዊ ቲኤንቲ በተባለው ሙከራ አንዱን ሪአክተር ሆን ብለው ከልክ በላይ አስነስተው በታተኑት፤ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለማወቅ።

ጭሱን በተመለከተ ያኔ ወደ ኔቫዳ ሰማይ ነበር የሚለቁት። ከጋዙ ጋር የነዳጅ ቁራጭም ይወጣ ነበር። ዛሬ ያንን የሚፈቅድ የለም። የ1972ቱ ኒውክሌር ፈርነስ ጭሱን አጥቦና አጣርቶ ነው የለቀቀው። አሁን ሙሉ ሞተር መሬት ላይ መሞከር ውድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሐረጎ_መንገድ

ታዲያ ሙሉ ሞተር መሞከር ካልቻሉ ዛሬ ነዳጁን እንዴት ይሞክሩታል?

ካርባይድ_ደሴ

ከፋፍለው። ነዳጁን የሚያሰቃዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ግለት፣ ሃይድሮጂንና ኒውትሮን። ሦስቱን በአንድ ላይ መስጠት ከባድ ስለሆነ ሁለት ሁለቱን ይሰጡታል።

ሃንትስቪል፣ አላባማ የናሳ ማርሻል ማዕከል አለ። እዚያ ናሙናውን በኤሌክትሪክ ጥቅል፣ ማለት በኢንዳክሽን፣ ያግሉትና ሃይድሮጂን ያሳልፉበታል። ሁለት የመሞከሪያ መሣሪያ አላቸው፤ ሲኤፍኢኢቲ ትንሹ ነው፣ ኤንትሪስ ትልቁ። ኒውትሮን የለም፣ ስለዚህ ናሙናውን አውጥተህ በእጅህ ልትመዝነው ትችላለህ። ስንት ግራም እንደጠፋ፣ የት እንደተሰነጠቀ ታያለህ። ጄኔራል አቶሚክስ በ2025 መጀመሪያ ይፋ ያደረገው ሙከራ እዚያ ነው የተሠራው። ነዳጁን በሃይድሮጂን ውስጥ ስድስት ጊዜ በፍጥነት እስከ 2,600 ኬልቪን አወጡት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ደቂቃ እዚያ ላይ አቆዩት፤ ቻለ።

ኒውትሮኑን ደግሞ አይዳሆ ያለው ትሪት የሚባል ሪአክተር ይሰጣል። ትሪት በአጭር ጊዜ ከፍተኛ ኃይል የሚረጭ ነው። በ1994 ቆሞ በ2017 እንደገና ተነሳ። ሲሪየስ በተባሉት ሙከራዎች የሮኬት ነዳጅ ናሙና ከውስጥ በራሱ ፊሽን፣ ማለት በዩራኒየም አተሞቹ መከፈል፣ እንዲግል ያደርጉታል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥቅሉ ከውጭ ነው የሚያግለው፣ ፊሽን ግን ከፍሬው ውስጥ። ግለቱ የሚሰራጭበት መንገድ ሲለያይ ውጥረቱም ይለያያል። አንዱን ፈተና ያለፈ ነዳጅ ሌላውን ላያልፍ ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ የሚሆነው ነው። ያንን ያየው የድሮው የኔቫዳ ሙከራና በሶቪየት ጊዜ ሴሚፓላቲንስክ የነበረው ሥራ ነው። ሶቪየቶች እንደ ገመድ የተጠማዘዘ የካርባይድ ዘንግ ይጠቀሙ ነበር፣ አንድ ትልቅ ዘንግ ሳይሆን ብዙ ትናንሽ። ተሰባሪነቱን በዚያ አቻቻሉት፤ ቢሰነጠቅም ቅርጹን ይዞ እንዲሠራ። ብልህ አካሄድ ነው።

ድራኮ የሚባለው የዳርፓ (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት) እና የናሳ ፕሮጀክት ሕዋ ላይ ሊሞክረው ነበር፣ በ2025 ተሰረዘ። ነዳጁ ላይ ያለው ሥራ ግን ቀጥሏል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነም ልንገርህ። ብቃቱ ከሙቀቱ ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው። ከ2,550 ወደ 3,000 ኬልቪን ብትወጣ የምታገኘው 8 በመቶ ገደማ ነው። በወረቀት ትንሽ ይመስላል። ለማርስ ጉዞ ግን በብዙ ቶን ሃይድሮጂን ይቆጠራል።

መምህርት_ፒያሳ

ልጄ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ ሳይመለስ እንዳይቀር። ኪዊ ቢ4ኤ ስለተባለው ሪአክተር አንብብ። ለአንተ የተጻፈ ያህል ነው።

በፈረንጅ ህዳር 30 ቀን 1962 ነው። ሪአክተሩ ኃይሉን እየጨመረ ሲሄድ በኖዝሉ ብልጭታ ታየ፣ እየበዛ ሄደ። የነዳጅ ቁርጥራጭ ነበር የሚወጣው። አጠፉት። ሲፈቱት አብዛኛው ነዳጅ ተሰባብሯል። ሰው ሁሉ የጠረጠረው ግለቱን፣ ዩራኒየሙን፣ ኒውትሮኑን ነው። ከዚያ ምን አደረጉ? ዩራኒየም የሌለው፣ በሌላ ሁሉ ነገር ያው የሆነ እምብርት ሠሩ። ቀዝቃዛ ጋዝ አሳለፉበት። ያለ አንዲት ፊሽን ተንቀጠቀጠ! ጥፋቱ የኒውክሌር አልነበረም። ጋዙ በዘንጎቹ መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸው ነበር። የዘንጎቹን አያያዝ አሻሻሉ፣ በ1964 ኪዊ ቢ4ዲ ያለ ንዝረት ሠራ።

ያ ግኝት ዩራኒየም አልፈለገም። ጋዝ፣ ዘንግ፣ የንዝረት መለኪያና አስተዋይ ሰው ነው የፈለገው። ይህ ኮምቦልቻ ይሠራል።

ካርባይድ_ደሴ

መምህርት የተናገሩት ግሩም ነው፣ ግን እኔ ሽፋኑን ብትሠራ እመርጣለሁ። በኮምፒውተር፣ ባለ 19 ቀዳዳ ዘንግ፣ የግራፋይትና የዚርኮኒየም ካርባይድ መስፋፋት አስገብተህ ውጥረቱ የት እንደሚበዛ ማሳየት ትችላለህ። ስለ ኒውትሮን ለሚፈልግ ደግሞ ኦፕንኤምሲ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። የሎስ አላሞስና የናሳ የድሮ ሪፖርቶችም በነጻ ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ ሲሻል ማታ ማታ አውርዳቸው።

መምህርት_ፒያሳ

የኮምፒውተሩን ማንም ከየትም ይሠራዋል። ይህ ልጅ የሚነካ ነገር ይዞ ቢቀርብ ፈታኞቹ ፊት ይለያል። ደግሞ ስሌቱ ልክ መሆኑን ራሱ በመለኪያ ያረጋግጣል።

አርጎን_ኮምቦልቻ

የሚነካውን እኔ አግዛለሁ። ግራፋይት አይገኝም፣ ቢገኝም ውድ ነው። ስቴንለስ ቱቦ ግን ቁራጭ አለኝ። ሰባት ቱቦ፣ አንዱ መሃል፣ ስድስቱ ዙሪያውን፤ ከላይ በፍላንጅ አንጠልጥለን ከታች ልል እናደርጋለን። በኮምፕረሰር አየር እንልካለን። ከታች ያለውን መያዣ ጠበቅና ላላ እያደረገ ንዝረቱን ይለካ። ቱቦውን በነጻ እሰጠዋለሁ፣ ብየዳውንም እሠራለታለሁ። አርጎኑን ብቻ ያግዘኝ፣ ሲሊንደሩ ተወዷል።

ሐረጎ_መንገድ

ምን ልበላችሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። ርዕሱን አስገባለሁ፦ በጋዝ ፍሰት የሚፈጠር የነዳጅ ዘንጎች ንዝረት፣ ቀዝቃዛ ሙከራ። የካርባይዱን የውጥረት ስሌት እንደ አንድ ምዕራፍ እጨምራለሁ፣ ጊዜ ካገኘሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። እነሱ ሃይድሮጂን፣ እኔ አየር። ውጤቱ እንዴት ይነጻጸራል? ፈታኞቹ የሚጠይቁኝ ይሄን ነው።

መምህርት_ፒያሳ

ሙቀቱንና ጋዙን ለማመሳሰል አትድከም። ሁለት ቁጥሮች ጠብቅ። አንደኛው ሬይኖልድስ ነው፣ ፍሰቱ በምን ሁኔታ እንደሚናወጥ ይነግርሃል። ሁለተኛው የጋዙ ፍጥነት ከቱቦው የተፈጥሮ ንዝረት ድግግሞሽና ከቱቦው ስፋት ጋር ያለው ጥምርታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰባቱን ቱቦዎች አንድ በአንድ መታ መታ አድርገህ የተፈጥሮ ድግግሞሻቸውን ለካ። ስልክህ ላይ ያለው አክስለሮሜትር ለመጀመሪያው ሙከራ ይበቃል፤ በኋላ ትንሽ ሴንሰር ቱቦው ላይ ትለጥፋለህ፣ ስልኩ ለቱቦው ይከብደዋል።

የአየሩን ጥግግት ከመጽሐፍ አትገልብጥ። መጽሐፉ የባሕር ወለል ነው የሚሰጥህ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ አየሯ ከባሕር ወለሉ በ15 እና በ20 በመቶ መካከል ይሳሳል። ሙከራውን እኔ ጋ ደሴ ብታመጣው ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። የሙከራ ቀኑን የአየር ግፊትና ሙቀት መዝግብ፣ ከኮምፕረሰሩ በኋላ ያለውንም ግፊት እንዲሁ። ከዚያ ራስህ አስላው።

አርጎን_ኮምቦልቻ

የቱቦው ውጭ ስፋት 12 ሚሊ ነው፣ የግድግዳው ውፍረት 1። ርዝመቱን አንተ ወስን፣ ሥዕሉን በሚሊሜትር ሠርተህ አምጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ክፍት ነው።